የመካኒኩ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ

በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አብዛኞቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ ቦታ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ ብሎ ይጀምራል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት በታማኝነትና በቅንነት አገለገሉ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ፤ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ ብሎ ያበቃል። ሟቹ የባንክ ሠራተኛም ይሁን መምህር ወይም የከባድ ማሽን መካኒክ፣ ወረቀቱ ብዙም አይለወጥም። እኔን የሚያሳስበኝ የመካኒኩ ነው። ዶዘርና ግሬደር፣ ኤክስካቫተርና ሎደር ሲጠግን ዕድሜውን ፈጅቶ፣ ያፈራውን ሁሉ ለሚስቱና ለልጆቹ ሰጥቶ ያለፈ ሰው፣ ስለ ሥራው አንድ መስመር፣ ስለ ቤቱ አንድ መስመር ተጽፎለት ይሸኛል። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን አጻጻፍ እያዳመጥን አንገታችንን ደፍተን መመለስ የለብንም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ለሙያው ክብር መቆርቆር ብቻ አይደለም። የእንዲህ ያለ ሰው የቤተሰብ ፍቅር አብዛኛው የተገለጠው በሥራው ውስጥ ነው። ሥራውን ዘለው አባትነቱን ልናገር የሚሉ ሰዎች የሚቀራቸው ቅጽል ብቻ ነው።

ከሥራው ባሕርይ ልነሳ። መኪና ሲበላሽ ተጎትቶም ቢሆን ጋራዥ ይገባል። 40 ቶን ገደማ የሚመዝን ዲ8 ዶዘር ሲቆም ግን ጋራዡ ነው ወደ እሱ የሚሄደው። ዶዘር በሰንሰለቱ አስፋልት ላይ አይነዳም፤ ከቦታ ቦታ የሚዛወረው በሎቤድ ተጭኖ ነው። ለአንድ ዘይት ለሚያፈስ ጎሚኒ ወይም ለአንድ ለደከመ ፖምፓ ብሎ ከአባይ በረሃ አዲስ አበባ ድረስ የሚጭነው የለም። ስለዚህ መካኒኩ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ማሽኑ ወዳለበት ይወርዳል፤ ማሽኑ ያለው ደግሞ መንገድ በሌለበት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር፣ ጣሊያን ትቶት የሄደው መንገድ እየፈረሰ ነበር። ያን መንገድ መልሶ ያቆመውና አዲሱን የዘረጋው ትውልድ ከፊሉ አለምገና በሚገኘው የባለሥልጣኑ ማሠልጠኛ፣ ከፊሉ በረዳትነት ከሰው እግር ሥር የተማረ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር በሀገሪቱ የነበረው መንገድ 26,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ ዋናው ግድብ ብቻ በሮለር የተጠቀጠቀ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ፈጅቷል። ድንጋዩን የፈነቀለው፣ የፈጨው፣ ያመላለሰውና የጠቀጠቀው ማሽን ሁሉ ሌሊት የሚያድርለት መካኒክ ነበረው። ያ መካኒክ ደግሞ በዚያው ሌሊት ከቤቱ የለም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ኑሮ ከመጀመሪያው ካምፕና ቤት ተብሎ የተከፈለ ነው። ሕጉም ቢሆን ለአባትነቱ ሰፊ ጊዜ አልሰጠውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ የሚያገኘው ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ነው። ፕሮጀክቱ ጋምቤላ ወይም አፋር ከሆነ የደርሶ መልሱ መንገድ አብዛኛውን ይበላዋል። ስለዚህ ይህ ሰው ቤተሰቡን መውደድ አለመውደዱ ቤት በተቀመጠበት ሰዓት ብዛት ሊለካ አይችልም። መለኪያው ሌላ ነው። ደመወዙ ለቤት አስቤዛ ሲሄድ የበረሃ አበሉ ወዴት ይሄድ ነበር? ካምፕ አጠገብ ባለው ጠጅ ቤት ይቀር ነበር ወይስ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆን ነበር? ማታ ቱታውን አውልቆ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲደውል ስለ ምን ይጠይቅ ነበር? ገንዘብ ደረሰ ወይ ብሎ ብቻ ይዘጋል ወይስ የትንሿን የሒሳብ ፈተና ውጤት ይሰማል? ከቤት የራቀ ሰው ፍቅሩ ያለው እንዲህ ባሉ የተቆጠሩና የተደጋገሙ ተግባሮች ውስጥ ነው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው «ቤተሰቡን ወዳድ ነበር» ብሎ ሲያልፍ እነዚህን ሁሉ ነው የሚሰርዛቸው።

ሥራው ራሱ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ለማየት አንዱን ተግባር ቀረብ ብለን እንመልከት። የከባድ ማሽን ሰርቪስ የሚቆጠረው ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች በየ250 ሰዓቱ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየርላቸዋል። ግድ የሌለው ሠራተኛ አሮጌውን ፊልትሮ ፈትቶ ይጥላል፣ አዲሱን ያስራል፣ ፎርሙ ላይ ይፈርማል። ጠንቃቃው መካኒክ ግን አሮጌው ላይ ገና ሥራ አለው። ቆርቆሮውን ዙሪያውን ቆርጦ ይከፍትና ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ያወጣል፤ ዘይቱን ጨምቆ እጥፋት በእጥፋት እየዘረጋ ፀሐይ ላይ ያየዋል። ብልጭ የሚል ቅንጣት ካገኘ ማግኔት ያስጠጋል። ማግኔቱ ከሳበው ብረት ነው፤ ከሲሊንደር ግድግዳ ወይም ከጥርስ የተፋቀ ይሆናል። ካልሳበው ቀለሙን ያያል፤ ቀላ ያለው መዳብ ወይም ነሐስ ከኩሽኔታ ወይም ከቡሽ፣ ነጣ ያለው አሉሚኒየም ከፒስተን የመጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ቤትና የቱቦዎቹን ማሰሪያ ይፈትሻል፤ በዚያ በኩል የሚሾልክ አቧራ ሞተርን ውስጥ ለውስጥ ሞርዶ ይጨርሰዋልና። ከፍታውንም ያውቃል። የአዲስ አበባ አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ቆላ ላይ እንደነበረው አይጎትትም፤ ጥቁር ጭስም ያበዛል። ጀማሪው ጭሱን አይቶ ኖዝል ሊቀይር ይሮጣል፤ የበሰለው መጀመሪያ ማሽኑ ከየት መጥቶ የት እንደቆመ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያዘው፣ ከተከፈለው ሰዓት በላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

የዚህ ጥንቃቄ ፍሬ ምንድን ነው ቢባል፣ አንድ ነገር ሳይፈጠር መቅረቱ ነው። ሞተሩ አልነከሰም፤ ኩሽኔታው ተበልቶ ሌላውን ይዞት አልሄደም፤ ሥራው ለወራት አልቆመም። የሰንሰለት ማሽን ከሆነ ደግሞ በዕድሜው ከሚፈጀው የጥገና ወጪ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ሰንሰለቱ፣ ሮለሮቹና መዘውሮቹ ላይ የሚወጣው ነው። በየማታው ጭቃውን የሚያስጠርግና የሰንሰለቱን ውጥረት ከአፈሩ ጋር የሚያስተካክል ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ግን ያልወጣ ወጪ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ስሙ አይነሳም። እኛ የምናጨበጭበው በሌላ ጊዜ ነው፤ የቆመን ማሽን በሽቦ አስሮ፣ ከሌላው ነቅሎ ገጥሞ በሌሊት ላስነሳ ሰው። የውጭ ምንዛሪ በሚቸግርበትና መለዋወጫ ለወራት በሚጠበቅበት ሀገር ይህ ችሎታ ትልቅ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የሙያው ብስለት የሚለየው እዚያ አይደለም። ምን በሽቦ እንደሚታሰርና ምን ፈጽሞ እንደማይታሰር ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። የጭስ ማውጫ መደገፊያ በዘዴ ሊሰነብት ይችላል፤ ፍሬን፣ መሪና የሃይድሮሊክ ቱቦ ግን አይቀለድባቸውም። አለቃ ቆሞ ሲጮህ «ይህ ማሽን እንዲህ ሆኖ አይወጣም» ብሎ መጽናት ከማስነሳቱ የሚበልጥ ሙያ ነው። ቤትም ሲመሩ ነገሩ ይኸው ነው። በወቅቱ የተከፈለ የቤት ኪራይና የትምህርት ክፍያ ማንም አያስተውለውም፤ የሚወራው ያልተከፈለ ዕለት ነው። የመካኒኩ ሁለቱም ድካሞች ሲሳኩ የሚጠፉ በመሆናቸው ነው ቆፍሮ የሚያወጣላቸው ጸሐፊ የሚያስፈልጋቸው።

ሥራውንና ቤቱን ይበልጥ የሚያገናኘው ግን የአደጋ ጥንቃቄው ነው። የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ከ300 ባር በላይ ይሠራል። በዚያ ግፊት በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ የምታወጣው ዘይት ቆዳ በስታ ሥጋ ውስጥ ትገባለች። ቁስሉ መጀመሪያ የእሾህ ጭረት ያህል እንኳ ላያም ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ግን እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ፍሳሽ ሲፈልግ እጁን አይልክም፤ ቁራጭ ካርቶን ወይም ጣውላ ነው ቱቦው ላይ የሚያዞረው። የተነሳ ባልዲ ወይም ቢላ ሥርም በሃይድሮሊኩ ብቻ ተማምኖ አይገባም፤ ወይ መሬት ያስቀምጠዋል፣ ወይ በጠንካራ ግንድ ወይም በብረት ያስደግፈዋል፤ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ባትሪውን ይለያል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሩብ ሰዓቱን ግን ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ይከፍላል። በካምፕ እንዲህ ያለው ሰው አንዳንዴ ፈሪ ይባላል፣ ይቀለድበታል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ውስጥ «ቤተሰቡን ወዳድ» የሚለውን ቃል ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ተግባር አላውቅም። ልጆቹ አባት ይዘው ያደጉት በዚያ ግንድና በዚያ ካርቶን ጭምር ነው።

የማይታይ ጉዳትም አለ፤ ያ ደግሞ ከሰውየው ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ ነው ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመካኒክ ትውልድ ዕድሜውን ሙሉ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር አስነስቶ ሲያዳምጥ የኖረ ነው። ያገለገለ የሞተር ዘይት ለቆዳ መልካም አይደለም፤ ጥበቃ ለሌለው ጆሮ የኮምፕሬሰርና የመዶሻ ድምፅ ቀስ በቀስ መስማትን ይወስዳል። ብዙ መካኒኮች ከጡረታ በኋላ ቴሌቪዥን ጮክ አድርገው የሚከፍቱትና ልጆቻቸውን «ምን አልከኝ?» የሚሉት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ከሥራ ሲመለሱ እጃቸውን በናፍጣ አሽተው፣ በኦሞ ፈግፍገው፣ የጥፍራቸውን ሥር በብሩሽ ፍቀው ነው ማዕድ የሚቀርቡት። የዘይቱ ቱታ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳይታጠብ በር ላይ የሚያወልቁም አሉ። ይህ ልማድ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰውየው የሥራውን መርዝ ከቤቱ ደጃፍ ለማቆም የሠራው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ሲሞት የሕመሙ መነሻ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመረዳትም ይጠቅማል። «ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ቀብር የቴክኒክ ሪፖርት የሚቀርብበት ቦታ አይደለም የሚል ነው። አልቃሽ ስለ ፊልትሮና ስለ ባር መስማት አይፈልግም፤ ደግሞስ «ሙያ በልብ ነው» እንል የለም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው። ማንም ሰው የማሽን መመሪያ መጽሐፍ በአስከሬን ፊት ይነበብ አላለም። እኔ የምጠይቀው ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ነው። «በከባድ ማሽን ጥገና ሠርተዋል» ከሚለው ይልቅ «ከጎሐ ጽዮን ደጀን ባለው መንገድ ላይ የናዳ አፈር የሚጠርጉትን ዶዘሮች በክረምት ጠግነዋል፤ በእጃቸው ሥር የሠራ አንድም ረዳት አልተጎዳም» የሚለው ለአልቃሽም ይሰማል፤ እውነት እስከሆነ ድረስ። ሙያ በልብ ነው የሚለው ብሂልም ለባለሙያው የተነገረ ምክር ነው፤ በራስህ አትመካ ይለዋል። የሌሎቻችንን አፍ ለመዝጋት የተነገረ አይደለም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ዝም ማለቱ ትሕትናው ነው፤ ከሞተ በኋላ የእኛ ዝምታ ግን ትሕትና ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ከዓመት ዓመት ካምፕ የኖረን ሰው መልካም አባት ብሎ ማወደስ፣ መቅረቱን እንደ ጽድቅ መቁጠር አይሆንም ወይ? ልጆቹ ሲታመሙ ሆስፒታል ያደረችው፣ የወላጆች ስብሰባ የሄደችው፣ ዕድር ቤትና ቀበሌ የተመላለሰችው እናታቸው ናት። ይህን የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው፤ መልሱም የእሷን ድካም አብሮ መጻፍ ነው። የመካኒኩን ሥራ በዝርዝር የጻፈ ሰው የቀረባቸውን ሌሊቶች መቁጠሩ አይቀርም፤ ያን ሲቆጥር ደግሞ በእነዚያ ሌሊቶች ቤቱን ማን እንደያዘው መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ደፈን ያለው አጻጻፍ ነው ሁለቱንም የሚደብቀው፤ እሱን «ታታሪ»፣ እሷን «ባለቤታቸው» ብሎ ያልፋል። መቅረት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ሥራው የግድ ባደረገው መቅረት ውስጥ ግን አንዱ ቤቱን ይረሳል፣ ሌላው አይረሳም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሊጻፍ ይገባዋል። ለቀጣሪም ቢሆን የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ትምህርት አለው፤ የፈቃድ ተራ በትክክል ቢጠበቅ፣ ካምፕ ቤተሰብ የሚያስተናግድ ማረፊያ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ሌሊት ይድን እንደነበር ያሳያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ፣ ጥሩ መካኒክ መሆን ጥሩ አባት መሆንን አያረጋግጥም ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ለኖዝል ጫፍ የሚራራ እጅ ልጅ ላይ ሲነሳ ታይቷል፤ ማሽን የማያስደፍር ሰው ደመወዙን የሚያስደፍር ሊሆን ይችላል። ሥራና ጠባይ በራሳቸው የሚጣመሩ ቢሆኑ ኖሮ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ ብቻ ይበቃን ነበር። ለዚህ ነው ክርክሬ የሚያርፈው ማስረጃ ላይ። ስለ ሟቹ የሚባለው ነገር ሁሉ ሰው ሊመሰክርለት በሚችል ተግባር ይጻፍ። ይህ ሰው ሁለቱንም ከነበረ ተግባሩ ይናገርለታል፤ አንዱን ብቻ ከነበረም ያለውን ጽፎ የሌለውን መተው ነው፤ በቅጽል መሙላት አይገባም። ሙት ወቃሽ አትሁኑ የሚለው ልማዳችን የሌለውን እንድንፈጥር አያዝም። ከዚህም በላይ፣ ለሁሉም ሰው እኩል የሚታደል ምስጋና እውነተኛውን ባለምስጋና ይበድለዋል። ሁሉም «ቤተሰቡን ወዳድ» ከተባለ፣ ሩብ ሰዓቱን ከፍሎ ግንድ ያስደገፈውና አበሉን ሳይነካ የላከው ሰው ከሌላው በምን ይለያል?

እንዴት ይጻፍ ለሚለው መንገዱ ቀላል ነው። ቤተሰቡ የሚያውቀው የተመለሰውን ሰው ነው፤ የሄደውን የሚያውቁት ኦፕሬተሮቹና ረዳቶቹ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው እነሱን ይጠይቅ። የትኞቹን ማሽኖች ያውቅ ነበር፣ የትኛው መንገድ ወይም ግድብ ላይ ሠራ፣ ምን አስቀድሞ አይቶ አዳነ፣ ምን አይሆንም ብሎ መለሰ? ማንን አስተማረ? ናፍጣ ይዞ ዕቃ በማጠብና ኪያቬ በማቀበል ጀምሮ ዛሬ ዋና መካኒክ የሆነው ረዳት የእሱ የሥራ ልጅ ነው፤ ስሙ በወረቀቱ ቢነሳ ለሟቹም ክብር ነው። ከቤቱ በኩል ደግሞ ገንዘቡ ምን እንደሠራ፣ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ በሌለበት ማን እንደተካው ይጠየቅ። ቀብር ፈጥኖ በሚፈጸምበትና ወረቀት በማይነበብበት ቤትም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ ለልጆቹ መንገር ይቻላል።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲያልፍ መጥተን ድንኳን ሥር በዝምታ አንቀመጥ። ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ልጆቹን ጠርተን የምናውቀውን እንንገራቸው፤ አባታቸው የኖረውን ሕይወት ግማሽ የምናውቀው እኛ ብቻ ነንና።